የእግር ደም መርጋት፦ ምልክቱ የሚደበቅ፣ ወቅቱ ግን የሚታወቅ አደጋ

የአንድ እግር ባት በድንገት አብጦ ሲያም አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ውልቃት፣ ስለ ጡንቻ መሸማቀቅ ወይም ስለ ብርድ ነው። እግሩ በቅቤ ወይም በቅባት ይታሻል፤ በጨርቅ ይታሰራል፤ ሲብስም ወጌሻ ይጠራል። በብዙ አጋጣሚዎች ሕመሙ በእርግጥም የጡንቻ ሕመም ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ምልክት በስተጀርባ ሕይወትን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሳጣ የሚችል የጤና ችግር የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ይኸውም በእግር ውስጥ ጠልቀው በሚገኙት የደም መልስ ሥሮች ላይ የሚፈጠረው የደም መርጋት ነው።

የረጋው ደም ከእግር ተላቆ ሳንባ ላይ ሲደርስ የሚያስከትለው ጉዳት፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ ቀጥሎ በልብና በደም ሥር በሽታዎች ሳቢያ ለሚደርሰው ሞት ሦስተኛው ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል። ሆኖም ይህ በሽታ ከሌሎች ድንገተኛ ሕመሞች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ምልክቱ ሊደበቅ ቢችልም የሚመጣበት ወቅት ግን በአመዛኙ አስቀድሞ ይታወቃል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በአራስነት፣ እግር በጀሶ ታስሮ በሚተኛበት ጊዜ፣ እንዲሁም በረጅም ጉዞ ላይ የሚያደባ በሽታ በመሆኑ ወቅቱን ያወቀ ሰው ሊከላከለው ይችላል።

ደም እንዴት ይረጋል?

የደም መርጋት በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነት ሲቆስል ደም ፈሶ እንዳያልቅ የሚያደርግ ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው። ችግር የሚሆነው ቁስል በሌለበት፣ በደም ሥር ውስጥ ሲከሰት ነው።

ልብ ደምን በደም ቅዳ ሥሮች አማካይነት ወደ እግር ይገፋዋል። ደሙ ወደ ልብ የሚመለሰው ግን ሽቅብ፣ ከመሬት ስበት በተቃራኒ ነው። ይህን ሥራ የሚያግዙት የባት ጡንቻዎች ናቸው። ሰው በተራመደ ቁጥር ጡንቻዎቹ እየተኮማተሩ የደም መልስ ሥሮችን ይጨምቃሉ፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ክፍት ከዳኖችም ደሙ ተመልሶ ወደ ታች እንዳይወርድ ይዘጋሉ። የባት ጡንቻ ሁለተኛ ልብ የሚል ስያሜ የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። እግር ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ይህ ሁለተኛ ልብ ሥራውን ያቆማል፤ ደሙም በሥሮቹ ውስጥ ይተኛል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተሙት ሥራ ከእግር የተነሣ የደም ጓል ወደ ሳንባ ተጉዞ የደም ሥር እንደሚዘጋ አሳይተዋል። ከእርሳቸው ሥራ በመነሣት የሕክምና ትምህርት ለደም መርጋት ሦስት መንስኤዎችን ያስቀምጣል። እነርሱም የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና ደሙ ራሱ ለመርጋት ያለው ዝንባሌ መጨመር ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ አደጋው ከፍ ይላል።

ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ የሚያስከትለው ጉዳት በታሪክ ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ ነዋሪዎች በመጠለያዎች ውስጥ በታጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ኪት ሲምፕሰን በመጠለያዎቹ ባደሩ ሰዎች ላይ በሳንባ የደም ጓል ምክንያት የሚደርስ ድንገተኛ ሞት መጨመሩን በሕክምና መጽሔት አስታወቁ። የወንበሮቹ ጠርዝ ጭንን ከሥር እየተጫነ የደም ፍሰትን ያውክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የኢራቅን ጦርነት ይዘግብ የነበረው አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዴቪድ ብሉም በጠባብ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ውስጥ ለቀናት ተጣጥፎ ከተጓዘ በኋላ በ39 ዓመቱ በዚሁ ሕመም ሕይወቱ አልፏል።

በሽታው የሚያደባባቸው ወቅቶች

ከደም መርጋት ሕመሞች እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት የሚከሰቱት ሰዎች ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙበት ጊዜ ወይም ከወጡ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ነው። በተለይ የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሕክምና፣ የእግር ስብራትና ከባድ የመኪና አደጋ ሦስቱንም መንስኤዎች በአንድ ላይ ያመጣሉ። የደም ሥሩ ተጎድቷል፤ ታማሚው ተኝቷል፤ ሰውነቱም ቁስሉን ለማዳን ሲል የደሙን የመርጋት አቅም ጨምሯል።

ካንሰር፣ ኤች አይ ቪ እና የሳንባ ነቀርሳ የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራሉ። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ደግሞ በኮቪድ 19 ክፉኛ በታመሙ ሰዎች ላይ ችግሩ በብዛት ታይቷል። ዕድሜ መግፋት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ኤስትሮጅን የተሰኘውን ሆርሞን የያዙ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች፣ በቤተሰብ ውስጥ የደም መርጋት ታሪክ መኖርና ከዚህ ቀደም በችግሩ መያዝም አጋላጭ ምክንያቶች ናቸው።

እርግዝና ልዩ ትኩረት ይሻል። ነፍሰ ጡር ሴት በደም መርጋት የመያዝ ዕድሏ ነፍሰ ጡር ካልሆነች የዕድሜ እኩያዋ ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ከሁሉም የሚያሰጋው ጊዜ ግን ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ናቸው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች። እውቋ አሜሪካዊት የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ ከዚህ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንባ የደም ጓል ገጥሟት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በቀዶ ሕክምና በወለደች ማግሥት ትንፋሽ ሲያጥራት ምልክቱን በማወቋ ምርመራ እንዲደረግላት አጥብቃ ጠይቃለች። ምርመራውም በሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን አረጋግጧል።

በኢትዮጵያ የአራስነት ወግ እናት ከድካሟ እንድታገግም ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት በቤተ ዘመድ እንክብካቤ የምትቆይበት ነው። ስድስቱ ሳምንታት ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከአርባኛው ቀን ጋር ይቀራረባሉ። እንክብካቤው የሚደገፍ መልካም ባህል ነው። ይሁን እንጂ ዕረፍት ማለት ከአልጋ አለመነሣት ማለት አይደለም። ሐኪም እስካልከለከላት ድረስ አራሷ በቤት ውስጥ በየጊዜው ብትራመድና ፈሳሽ በብዛት ብትወስድ አደጋውን ትቀንሳለች።

የረጅም ጉዞም የራሱ ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው አመልክቷል። ይህ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪና ለሚደረግ ጉዞም ይሠራል። በጤነኛ ሰው ላይ አደጋው ከ6 ሺህ ተጓዦች በአንዱ ላይ የሚደርስ በመሆኑ ጉዞን የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የወለደች ወይም ከዚህ ቀደም ደም የረጋበት ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ከ12 ሰዓት በላይ ሲበር፣ ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ከሌላው መንገደኛ የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

የእግር ደም መርጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በአንድ እግር ላይ ነው። ባት ወይም ጭን ያብጣል፤ ሲጫኑት ወይም ሲራመዱ ያማል፤ ከሌላው እግር ይልቅ ይሞቃል፤ ቆዳውም ይቀላል ወይም ይጠቁራል። በጠየም ባለ ቆዳ ላይ የቀለም ለውጡ በቀላሉ ላይታይ ስለሚችል ሁለቱን እግሮች በእጅ ዳስሶ ሙቀታቸውን ማነጻጸርና በሜትር ዙሪያቸውን መለካት ይጠቅማል። ከታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ግን ምንም ምልክት ላይታይባቸው ይችላል።

የእግር እብጠት ሁሉ የደም መርጋት አይደለም። በባዶ እግር ለዓመታት በቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ በአመዛኙ ሁለቱንም እግሮች የሚይዝ፣ ከመርገጫው ጀምሮ ቀስ በቀስ በወራትና በዓመታት የሚያድግ ነው። የልብና የኩላሊት ሕመምም ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ያሳብጣል። በአንድ እግር ላይ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ እብጠት ግን ሳይዘገይ በሐኪም መታየት አለበት።

በዚህ ጊዜ እግሩን ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ማሸት የረጋውን ደም ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። የተላቀቀው ጓል በደም መልስ ሥሮች ሽቅብ ተጉዞ በልብ ቀኝ ክፍል በማለፍ ደምን ወደ ሳንባ የሚወስደውን ሥር ይዘጋል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደም የቀላቀለ ሳልና ራስን መሳት የዚህ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በድንገት የታየበት ሰው ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።

ምርመራና ሕክምና

ሐኪሙ የታማሚውን ታሪክ ከጠየቀና እግሩን ከመረመረ በኋላ የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ የደም መልስ ሥሮቹን ይመለከታል። ምርመራው ሕመም የለውም፤ ጨረርም አይጠቀምም። ጓሉ ወደ ሳንባ ሄዷል ተብሎ ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ዋነኛው ሕክምና በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የሚባለው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ስሙ እንደሚያመለክተው ደምን አያቀጥንም፤ የረጋውንም በቀጥታ አያሟሟም። ጓሉ እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያስወግደው ሰውነት ራሱ ነው። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር የሚወስደውም ለዚህ ነው። እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ስለቀነሰ መድኃኒቱን ማቋረጥ ለከፋ አደጋ ይዳርጋል።

በመርፌ የሚሰጠው ሄፓሪን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአፍ የሚወሰደው ዋርፋሪን ደግሞ መነሻው የከብቶች በሽታ ነበር። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ግዛቶች የማገጥ ዘመድ የሆነ የመኖ ተክል ሻግቶ የበሉ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው ሳይቆም እየፈሰሰ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ የነበሩት ካርል ሊንክና ባልደረቦቻቸው ከተበላሸው መኖ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለዩ። ከዚሁ ምርምር የተገኘው ዋርፋሪን በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በተከታዩ ዓመት የልብ ሕመም የገጠማቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወርም ታክመውበታል። መርዝና መድኃኒት የሚለያዩት በመጠን መሆኑን ይህ ታሪክ ያስገነዝባል።

ባለፉት ዓመታት ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባንን የመሳሰሉ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ውለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 የዚህ ዓይነት መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷል። ይሁንና ዋጋቸው ከዋርፋሪን ከፍ ያለ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮችም አይሰጡም።

ከመድኃኒቱ ጋር መኖር

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይ ኤን አር የተባለውን የደም ምርመራ በተወሰነ ጊዜ ማድረግ አለበት። ለእግር ደም መርጋት የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ነው። ከዚህ ሲያንስ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ የመድማት አደጋ ይመጣል። ምርመራው ከሚሰጥበት ከተማ ርቆ የሚኖር ታማሚ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቀጣዩን ምርመራ መቼና የት እንደሚያደርግ ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይኖርበታል።

ምግብም በመድኃኒቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ሲሆኑ ይህ ቫይታሚን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ይህ ማለት ጎመን መተው አለበት ማለት አይደለም። የሚፈለገው በየሳምንቱ የሚበላው መጠን ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ከሥጋና ከወተት ወደ ሽሮና ጎመን የሚሸጋገር፣ በፋሲካ ደግሞ በአንድ ቀን ወደ ቀድሞው የሚመለስ ገበታ የአይ ኤን አር ውጤትን ሊያናውጥ ይችላል። በመሆኑም ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ለሐኪም ማሳወቅና ምርመራውን ቀረብ አድርጎ ማድረግ ይበጃል። ዋርፋሪን በቀን አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ጾም መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በረመዳን ለሚጾሙ ምእመናንም ቢሆን የአወሳሰዱን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል። ለረጅም ሰዓት ውኃ አለመጠጣት ለደም መርጋት ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ በቅርቡ የታመመ ሰው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መመካከሩ ተገቢ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ኃይል በእጅጉ ያዳክማል። በአንጻሩ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ኃይሉን ያጠናክራሉ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። የባህል መድኃኒቶችም ይዘታቸውና መጠናቸው ስለማይታወቅ ከዋርፋሪን ጋር መወሰድ የለባቸውም። ታማሚው ጥርስ ሲያስነቅል፣ መርፌ ሲወጋም ሆነ ከፋርማሲ መድኃኒት ሲገዛ ደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ መናገር አለበት።

የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት፣ ቀይ ሽንት፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያት የሌለው የቆዳ መበለዝ፣ እንዲሁም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች ናቸው። ዋርፋሪን በፅንስ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ ወይም ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር ይገባታል። በእርግዝና ወቅት ሄፓሪን ይተካዋል። የምታጠባ እናት ግን ዋርፋሪን መውሰድ ትችላለች።

በሽታው ካለፈ በኋላ

በእግር ደም መርጋት ከተያዙ ሰዎች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ላይ የዘለቀ ችግር ይቀራል። የደም መልስ ሥሮቹ ክፍት ከዳኖች ስለሚጎዱ እግር ይከብዳል፤ ወደ ማታ ያብጣል፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ለመዳን የሚያስቸግር ቁስል ይወጣል። ይህን ለማቃለል በየቀኑ መራመድ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ ይመከራል። በሐኪም የሚታዘዘው ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲም እብጠቱንና ሕመሙን ያስታግሳል።

በሽታው የመመለስ ባሕርይም አለው። ከታማሚዎች ሲሶ ያህሉን በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ይይዛቸዋል። ደሙ የረጋው እንደ ቀዶ ሕክምና ባለ ጊዜያዊ ምክንያት ከሆነ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ያለ ግልጽ ምክንያት ከመጣ ግን መድኃኒቱ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ቀድሞ ሰው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ለሳምንታት እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒት እንደጀመሩ እንዲራመዱ ይመከራሉ።

መከላከያው

በሆስፒታል ውስጥ የደም መርጋትን መከላከል የሐኪሞችና የነርሶች ሥራ ብቻ አይደለም። አስታማሚ ከሁሉም በላይ ለታማሚው ቅርብ ነው። ከርኅራኄ በመነሣት “አይነሣ፣ ይረፍ” የሚለው አስታማሚ ሳያውቀው ለአደጋው ሊያግዝ ይችላል። ስለሆነም ታማሚውም ሆነ አስታማሚው ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርቡ ይጠቅማል። ለደም መርጋት የተጋለጠ ነው ወይ? መከላከያ መድኃኒት ወይም ካልሲ ያስፈልገዋል ወይ? ከአልጋ የሚነሣውስ መቼ ነው?

መነሣት ያልቻለ ሰውም ቢሆን የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ መሳብና መልሶ መዘርጋት፣ ቁርጭምጭሚቱንም ማዞር ይችላል። ይህ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቢደረግ የባት ጡንቻዎች ደሙን ወደ ላይ ይገፋሉ። መንገደኞችም በመቀመጫቸው ላይ ይህንኑ ቢያደርጉ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተነሥተው ቢራመዱ፣ አውቶቡስ ሲቆም ቢወርዱ፣ ውኃ ቢጠጡ፣ አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ባይወስዱ ይመረጣል። ከፍተኛ ተጋላጭነት ያለው ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር እንጂ በራሱ ውሳኔ አስፒሪን መዋጥ የለበትም።

የሩዶልፍ ቪርኾ ልደት የሆነው ኦክቶበር 13 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዓለም የደም መርጋት ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል። ዕለቱ የሚያስተላልፈው መልእክት ከአንድ ቀን በላይ የሚሻገር ነው። የታመመ፣ የወለደች ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ በአንድ እግር ላይ የመጣ እብጠት ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም ሊያስኬድ ይገባል። እግሩ ሳይታሽ በጊዜ ሐኪም ዘንድ የደረሰ፣ መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው በክትትል የወሰደ ሰው ከዚህ በሽታ ተርፎ ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።